የአቤኔዘሩ መጋቢ፦ የማርቲን ሉተር ኪንግ ሲኒየር ሕይወት

አቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ በአትላንታ፣ የኦበርንና የጃክሰን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የቆመ የቀይ ጡብ ሕንፃ ነው። ከ1894 እስከ 1975 ድረስ (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤተ ክርስቲያኑን የመሩት መጋቢዎች ከአንድ ቤተሰብ የወጡ ነበሩ፤ በመጀመሪያ አማቱ፣ ቀጥሎ አማቹ፣ ከዚያም ከአማቹ ጎን ልጆቹ። ከእነዚህ መካከል ዓለም የሚያውቀው ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየርን ነው። በአትሮንሱ ፊት 44 ዓመት የቆሙት ግን አባቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲኒየር ናቸው። ምእመናኑ «ዳዲ ኪንግ» ይሏቸው ነበር፤ አባባ ኪንግ እንደማለት ነው።

የእኚህን ሰው ሕይወት ለመረዳት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚተዳደር ማወቅ ይጠቅማል። ባፕቲስቶች ሕፃናትን አያጠምቁም፤ አምኖ የመሰከረን ሰው መላ አካሉን ውኃ ውስጥ አጥልቀው ያጠምቃሉ። ጳጳስም የላቸውም። እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን የቻለ በመሆኑ መጋቢውን በድምፅ ይመርጣል፣ ደመወዙን ከመባው ይከፍላል፣ ካልወደደውም ያሰናብታል። በ1865 ባርነት ሲያበቃ የደቡብ ጥቁሮች ከነጮቹ ቤተ ክርስቲያናት እየወጡ የራሳቸውን ሲያቋቁሙ ይህ ሥርዓት ለብዙዎቹ ተስማማቸው፤ ጥቂት ሰዎች አንድ ሰባኪና አንድ ክፍል ካገኙ ፈቃድ የሚጠይቁት የበላይ አልነበረባቸውም። ውጤቱ ከሃይማኖት አልፎ ሄደ። ጥቁሩ መምህር ደመወዙን የሚቀበለው ከነጮች የትምህርት ቦርድ፣ ጥቁሩ ገበሬ መሬቱን የሚያገኘው ከነጭ ባለርስት ነበር። የባፕቲስቱ መጋቢ እንጀራ ግን ከራሱ ምእመናን እጅ ስለሚመጣ የሚያባርረው ነጭ አሠሪ አልነበረውም። የኪንግ ቤተሰብ ድፍረት ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ግለሰብ ጀግንነት ብቻ ነው። ጀግንነቱ አይካድም፤ ይሁንና ከሥሩ ይህ ከማንም ያልተለመነ እንጀራ ነበረ።

ኪንግ ሲኒየር የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከአትላንታ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በስቶክብሪጅ ገጠር ነው። የወጣላቸው ስም ማይክል ነበር። አባታቸው ጄምስ ኪንግ የእኩል አራሽ ነበሩ። በኢትዮጵያ የጢሰኝነትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን ኑሮ ለመገመት አይቸገርም፤ መሬቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የአራሹ ነው፣ ሂሳቡ የሚጻፈው ግን በባለርስቱ ደብተር ላይ ነው። አንድ ዓመት ጥጡ ተለቅሞ ሂሳብ ሲተሳሰቡ፣ ልጁ ማይክል የጥጥ ፍሬው ዋጋ ለአባቱ እንዳልታሰበ ባለርስቱ ፊት ተናገረ። ባለርስቱ በቁጣ ነደደ፣ ልጁን እንደሚመታውም ዛተ። አባትየው ደግሞ ኑሯቸው በዚያ ሰው እጅ ነበርና ልጃቸውን ዝም አሰኙት። ልጁ የገባው ሂሳብ ትክክል መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ጄምስ ኪንግ የኑሮውን ምሬት በመጠጥ የሚወጡ፣ ሲሰክሩም ሚስታቸውን የሚመቱ ሰው ሆኑ። ማይክል አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳለ አንድ ቀን በአባቱና በእናቱ መካከል ገብቶ አባቱን ታግሎ ጣለ። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አልሆነላቸውም። እናቱ ዴሊያ ግን የጸሎት ሰው ነበሩ። ልጁ ከእሳቸው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ማንበብ በቅጡ ሳይችል መዝሙሩንና የሰባኪዎቹን አነጋገር በቃሉ ያዘ፤ ገና ወጣት ሳለም የስብከት ፈቃድ አገኘ። በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን ከሰባኪ የሚፈለገው ድምፅ፣ ትውስታና ጥሪ ነበር። ዲፕሎማ የሚጠይቅ አልነበረም።

ማይክል ኪንግ በ1918 ወደ አትላንታ ሲገቡ ይህ ሁሉ እንደማይበቃ ተረዱ። የከተማው ምእመናን መምህራን፣ ነጋዴዎችና የመድን ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ፤ የገጠሩን ሰባኪ አነጋገር ይስቁበት ነበር። ወጣቱ የጉልበት ሥራ እየሠሩና የጭነት መኪና እየነዱ፣ በትርፍ ጊዜያቸው በከተማዋ ዳርቻ ለሚገኙ ትናንሽ ጉባኤዎች እየሰበኩ ወደ ትምህርት ተመለሱ። ሃያ ዓመት የሞላቸው ሰባኪ ተፈትነው የተመደቡት አምስተኛ ክፍል ነበር። ከልጆች ጋር ተቀምጠው ፊደል መቁጠሩን አላፈሩበትም።

በዚያው ጊዜ እህታቸው ዉዲ በአንድ መጋቢ ቤት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። መጋቢው አዳም ዳንኤል ዊልያምስ ሲሆኑ፣ የወንድሟን ልብ የሳበችው የመጋቢው አንዲት ልጅ አልበርታ ናት። አልበርታ በስፔልማንና በሃምፕተን የተማሩ፣ ሙዚቃ የሚያውቁ፣ በአባታቸው ቤት በእንክብካቤ ያደጉ ወጣት ሴት ነበሩ፤ ፈላጊያቸው ደግሞ ጭቃው ከጫማው ያልለቀቀ የገጠር ልጅ። መተጫጨቱ ዓመታት ፈጀ።

ዊልያምስ ራሳቸው ከባሪያ ሰባኪ የተወለዱ ሰው ነበሩ። አቤኔዘርን ጆን ፓርከር የተባሉ መጋቢ በ1886 መሥርተውት ነበር፤ ዊልያምስ በ1894 ሲረከቡት ያገኙት 13 አባላት ብቻ ነበር። በ1903 ምእመናኑ ወደ 400 ደረሱ። በ1906 የነጮች መንጋ በአትላንታ ጥቁሮች ላይ ተነሥቶ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ የጥቁሮቹ ንግድ ከመሐል ከተማ እየሸሸ ወደ ኦበርን ጎዳና ተሰበሰበ፤ የአቤኔዘርም ዕድል ከዚህ ጎዳና ዕድል ጋር ተሳሰረ። ዛሬም የቆመው የጡብ ሕንፃ የተጠናቀቀው በ1922 ነው። ዊልያምስ የጥቁሮች መብት ማኅበር የአትላንታ ቅርንጫፍን ከመሩት አንዱ ነበሩ። ከተማዋ ለጥቁሮች አንድም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳትሠራ ብድር እንዲጸድቅላት ድምፅ በጠየቀች ጊዜ «አይሆንም» ካሉት መካከልም ነበሩበት፤ ትግሉ በ1924 የተከፈተውን የቡከር ቲ. ዋሽንግተን ትምህርት ቤት አስገኘ። መጋቢ ማለት ሙታንን የሚቀብርና ሙሽሮችን የሚባርክ ብቻ ሳይሆን ከከንቲባ ጋር የሚሟገትም ሰው ነው የሚለውን ትምህርት አማቹ የቀሰሙት ከእሳቸው ነው።

ጋብቻው በኅዳር 1926 ተፈጸመ። አልበርታ ትንሽ ጊዜ አስተምረው ነበር፤ የአትላንታ ትምህርት ቦርድ ያገባች ሴት እንድታስተምር ስለማይፈቅድ ማስተማሩን ተዉ። ሙሽሮቹ የተለየ ቤት አላቋቋሙም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት እርምጃ ርቆ በኦበርን ጎዳና ቁጥር 501 በሚገኘው የዊልያምስ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ከአማቶቻቸው ጋር ኖሩ። ሦስቱም ልጆች የተወለዱት እዚያ ነው፤ ክርስቲን በ1927፣ ማይክል ጁኒየር በጥር 1929፣ አልፍሬድ ዳንኤል በ1930። ኪንግ በእነዚህ ዓመታት የሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪም ነበሩ። የመግቢያ ፈተናውን ሳያልፉ ቀርተው ተመልሰው ነበር፤ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጆን ሆፕ ቢሮ ገብተው ዕድል እንዲሰጣቸው ተከራክረው ተቀባይነት አገኙ። በነገረ መለኮት የተመረቁት በ1930 ነው፤ የሚስት፣ የልጆችና የምእመናን ኃላፊነት ተሸክመው።

አማታቸው በመጋቢት 1931 በድንገት ሲያርፉ ጉባኤው አማቹን መረጠ። ሹመቱ ውርስ ይመስላል፤ በባፕቲስት ሥርዓት ግን ድምፅ የሚሰጠው ምእመኑ ነው፣ ድምፁም በጊዜው ቀላል አልነበረም። የኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ነበር። የሥራ ዕድል ሲጠብ መጀመሪያ የሚባረረው ጥቁር ሠራተኛ በመሆኑ የመባው ሣጥን ባዶ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ በዕዳ ተይዞ ነበር። ኪንግ ያደረጉት ከመንፈሳዊ አባት ይልቅ የነጋዴ ብልሃት ይመስላል። ማን ምን ያህል እንደሰጠ ለሁሉም የሚታይ መዝገብ ከፈቱ። የስጦታ ምስጢር ቀረ፤ ሀብታሙ ትንሽ ሰጥቶ መደበቅ አልቻለም፣ የልብስ አጣቢዋ ሳንቲምም ተጽፎ ታየ። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለውን ቃል የሚያስታውስ ሰው ይህን አሠራር ላይወደው ይችላል። ዕዳው ግን ቀለለ፣ የአባላቱም ቁጥር ከመቶዎች ወደ ሺዎች አደገ። አልበርታ ከ1932 ጀምሮ በኦርጋኑ ተቀመጡ፤ መዘምራኑን ያደራጁትም እሳቸው ናቸው። ብዙ ሰዎች ወደ አቤኔዘር የመጡት ለባል ስብከት ብቻ ሳይሆን ለሚስት ሙዚቃም ነበር።

በ1934 የበጋ ወራት ጉባኤው መጋቢውን በርሊን ወደሚካሄደው የዓለም ባፕቲስቶች ጉባኤ ላከ። ኪንግ በፈረንሳይና በጣሊያን አድርገው፣ ሰሜን አፍሪካንና ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ ከዚያም ወደ ጀርመን ተሻገሩ፤ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሆኖት ነበር። የእኩል አራሹ ልጅ የተሐድሶውን መሪ የማርቲን ሉተርን አገር አይተው ሲመለሱ የራሳቸውንና የታላቁን ወንድ ልጃቸውን ስም ከማይክል ወደ ማርቲን ሉተር ለወጡ። የለውጡ ምክንያት እንዲህ ነው ብሎ በአንድ ቃል መቁረጥ ያስቸግራል፤ ኪንግ ራሳቸው አባታቸው ምንጊዜም ማርቲን ብለው ሊጠሯቸው ይፈልጉ እንደነበር ይናገሩ ነበር። በሰነድ ደረጃ የልጁ የልደት ወረቀት የታረመው በ1957 ነው፤ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ።

በቤት ውስጥ ኪንግ ቁጡ አባት ነበሩ። ማታ ማታ እራት ሲቀርብ እያንዳንዱ ልጅ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጥቅስ በቃሉ ይላል። ጥፋት በአለንጋ ይቀጣ ነበር፤ ማርቲን እየተገረፈ ድምፁን አያሰማም፣ እንባው ብቻ ይወርዳል፣ አያቱም ወይዘሮ ጄኒ ማየት አቅቷቸው ወደ ሌላ ክፍል ገብተው ያለቅሳሉ። ልጁ አድጎ የሞርሃውስ ተማሪ ሳለ ወደ ዳንስ መሄዱ በተሰማ ጊዜ ምእመናኑ ፊት ቆሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ አባቱ አስገደዱት። የመጋቢው ልጅ ጥፋት የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኖ የሚቀርበት ሥርዓት አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚህ ቤት ረሃብ አልታወቀም፣ አባት ሰክሮ ገብቶ እናትን አልመታም። ኪንግ ከስቶክብሪጁ ቤት ሸሽተው ተቃራኒውን ነው የሠሩት፤ በትሩ ብቻ አብሯቸው መጣ።

ልጁ ከአባቱ የወረሰውን ሌላ ነገር የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ ኪንግ ጁኒየር ኋላ ጽፎአቸዋል። አንደኛው በጫማ መደብር የሆነ ነው። አባትና ልጅ ከፊት ባሉት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ሻጩ ወደ ኋላ እንዲሄዱ ሲጠይቃቸው፣ አባትየው እዚሁ ካልተሸጠልን አንገዛም ብለው የልጁን እጅ ይዘው ወጡ። በሌላ ጊዜ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አባትየውን መኪና አስቁሟቸው «አንተ ልጅ» ሲል ጠራቸው። ኪንግ ከጎናቸው ወደተቀመጠው ልጃቸው እያመለከቱ ልጅ እሱ ነው፣ እኔ ጎልማሳ ሰው ነኝ፣ እንደዚያ ብለህ ካልጠራኸኝ አልሰማህም አሉት። በከተማው አውቶቡስም ከአንድ ክፉ አጋጣሚ በኋላ መሳፈር ተዉ። በ1930ዎቹ አጋማሽ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስከትለው ለመራጭነት ለመመዝገብ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በሰልፍ ሄዱ፤ ጥቁር መምህራን ከነጮቹ እኩል እንዲከፈላቸውም ለዓመታት ተሟገቱ። ለመምህራኑ የሚሟገተው ራሱ መምህር ያልሆነ፣ ቦርዱ ሊያባርረው የማይችል ሰው መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ይህ ማለት ኪንግ በሁሉ ቦታ ቀጥ ብለው ቆሙ ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1939 «ነፋስ የወሰደው» በሚል ትርጉም የሚታወቀው የባርነት ዘመንን የሚያስናፍቅ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በአትላንታ ሲታይ፣ የከተማዋ የነጭ ወይዛዝርት ማኅበር ጥቁሮች በእንግድነት በማይገቡበት የጭፈራ ምሽት ላይ የአቤኔዘር መዘምራን እንዲዘምሩ ጋበዘ። መዘምራኑ የባሮች ልብስ ለብሰው፣ የእርሻ ባለርስት ቤት በተመሰለበት መድረክ ላይ ዘመሩ፤ የአሥር ዓመቱ ማርቲንም ከልጆቹ መሐል ነበር። የአትላንታ ጥቁር ባፕቲስት መጋቢዎች ኪንግን አጥብቀው ነቀፉአቸው። በጫማ መደብሩ ኋላ ወንበር ላይ አልቀመጥም ያሉት ሰው ይህን ለምን እንደፈቀዱ ማስረዳት ከባድ ነው። ሆኖም የደቡብ ጥቁር መሪ በአንድ በኩል ከነጮቹ ባለሥልጣናት ጋር የሚነጋገርበት በር እንዳይዘጋ፣ በሌላ በኩል ክብሩ እንዳይነካ ሲጠነቀቅ የሚኖር ሰው ነበር፤ ሚዛኑ ሁልጊዜ አይያዝም።

ኦበርን ጎዳና በእነዚያ ዓመታት ሞቅ ያለ ሰፈር ነበር። በባርነት የተወለዱት አሎንዞ ሄርንደን በ1905 ያቋቋሙት አትላንታ ላይፍ የመድን ድርጅት፣ ዕለታዊው «አትላንታ ዴይሊ ወርልድ» ጋዜጣ፣ ባንክ፣ መድኃኒት ቤት፣ የጭፈራ ቤት፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። «ጣፋጩ ኦበርን» የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ የሚገኘው የዊት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ዊልያም ሆልምስ ቦርደርስም እንደ ኪንግ የታወቁ ሰባኪ ነበሩ፤ የሁለቱ ፉክክር የጎዳናው ወሬ ነበር።

ኪንግ ሁለቱም ወንዶች ልጆቻቸው መጋቢዎች እንዲሆኑ ይመኙ ነበር፤ ሁለቱም ሆኑ። ማርቲን መጀመሪያ ሕግና ሕክምና አስቦ ነበር። በየካቲት 1948 አባቱ በሚመሩት አቤኔዘር እጅ ተጭኖበት ተሾመ። ቦስተን ለዶክትሬት ሲሄድ አባቱ የሚጠብቁት ትምህርቱን ጨርሶ፣ የአትላንታ ሙሽራ አግብቶ፣ ከአትሮንሱ አጠገብ እንዲቆም ነበር። ልጁ ግን ከአላባማ ገጠር የመጣችውን የሙዚቃ ተማሪ ኮሬታ ስኮትን አመጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ሆኖም በሰኔ 1953 በልጅቱ ወላጆች ግቢ ጋብቻውን የባረኩት ራሳቸው ናቸው። ኮሬታ «እታዘዛለሁ» የሚለው ቃል ከመሐላው እንዲወጣላት ጠይቃ ነበር። ኪንግም አወጡላት። ቀጥሎ ማርቲን የአቤኔዘርን ጥሪ ትቶ የሞንትጎመሪውን ዴክስተር ጎዳና ቤተ ክርስቲያን በ1954 ያዘ፤ የአባቱ ፈቃድ አልነበረም፤ አባትየው ግን የአቤኔዘርን ሰዎች ይዘው ወደ ሹመቱ በዓል ሄዱ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ማርቲን የመራው የሞንትጎመሪ ጥቁሮች የአውቶቡስ አድማ ሲጀመር ነው። በጥር 1956 የልጃቸው ቤት በቦምብ ሲመታ ኮሬታና የጥቂት ሳምንታት ልጅዋ ውስጥ ነበሩ። በየካቲት የአድማው መሪዎች ሊከሰሱ እንደሆነ ሲሰማ ኪንግ ልጃቸው ከአትላንታ እንዳይመለስ ፈለጉ። የከተማዋን የተከበሩ ጥቁር ሰዎች፣ የሞርሃውሱን ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሜይስን ጨምሮ፣ ሰብስበው እንዲመክሩላቸው ለመኑ። ልጁ ጓደኞቼ ሲታሰሩ እኔ እዚህ ልቀር አልችልም አለ፤ ሜይስም ደገፉት። አባትየው አለቀሱ። በማግስቱ ግን መኪናቸውን አስነሥተው ልጃቸውን ራሳቸው ወደ ሞንትጎመሪ ወሰዱት። ይህ የአንድ ቀን ታሪክ ስለ ኪንግ ሲኒየር ከብዙ ስብከት የበለጠ ይናገራል። ልጁን ለጎዳናው ትግል ያዘጋጁት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ትግሉ ሲመጣ ከእሳት ሊያወጡት የሞከሩትም እሳቸው ናቸው። አባትና መጋቢ በአንድ ሰው ውስጥ ሲጋጩ አባት ተሸነፈ።

በ1960 ማርቲን ወደ አትላንታ ተመልሶ ከአባቱ ጋር የአቤኔዘር ተባባሪ መጋቢ ሆነ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሪችስ በተባለው ትልቅ መደብር በተደረገ የመቀመጥ ተቃውሞ ተይዞ በቀድሞ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ሰበብ ወደ ሪድስቪል እስር ቤት ተላከ። ዘመኑ የፕሬዚዳንት ምርጫ ወቅት ነበር። ኪንግ ሲኒየር እንደ ብዙ ባፕቲስቶች ካቶሊክ ፕሬዚዳንት አይታየኝም ብለው ለኒክሰን ድጋፋቸውን ሰጥተው ነበር። ካቶሊኩ ተወዳዳሪ ጆን ኬኔዲ ግን ለነፍሰ ጡርዋ ኮሬታ ስልክ ደወለ፤ ወንድሙ ሮበርትም ዳኛውን አነጋገረ፤ እስረኛው ተለቀቀ። ሽማግሌው ከአትሮንሳቸው ሻንጣ ሙሉ ድምፅ ለኬኔዲ እንደሚያስረክቡ አወጁ። ኬኔዲ ያሸነፈው በመላ አገሪቱ ከ120 ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። የሃይማኖት ጥላቻቸውን ሲሰማ ኬኔዲ ሁላችንም አባት አለን ብሎ እንደቀለደ ይነገራል።

በመጋቢት 1961 ደግሞ ዘመኑ ጥሎአቸው እየሄደ መሆኑ በአደባባይ ታየ። ኪንግና ሌሎቹ አንጋፋ መሪዎች ከከተማዋ ነጋዴዎች ጋር ባደረጉት ስምምነት የመደብሮቹ የምግብ አዳራሾች ለጥቁሮች የሚከፈቱት ወዲያው ሳይሆን ትምህርት ቤቶች በመኸር ሲቀላቀሉ እንዲሆን ፈርመው ነበር። ወጣቶቹ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በተጠራ ስብሰባ ላይ ጮኹባቸው። ኪንግ ለዚህ ሕዝብ ሠላሳ ዓመት እንደሠሩ ሲናገሩ ይህ ነው ጥፋቱ የሚል መልስ ከሕዝቡ መሐል መጣ። ልጃቸው ማርቲን ዘግይቶ ገብቶ መድረኩን ባይዝ ኖሮ ስብሰባው ይበተን ነበር። አባቱን ሳይነካ ወጣቶቹን አረጋጋ፤ ስምምነቱም ሳይፈርስ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የሐዘን ዓመታት ናቸው። በግንቦት 1963 በበርሚንግሃም ያገለግል የነበረው የታናሹ ልጅ የአልፍሬድ ዳንኤል ቤት በቦምብ ተመታ፤ ቤተሰቡ ተረፈ። በ1964 ወላጆቹ ከማርቲን ጋር ኦስሎ ድረስ ሄደው የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል አዩ። ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ማርቲን በሜምፊስ ተገደለ፤ የቀብር ሥነ ሥርዓቱ የተጀመረው በአቤኔዘር ነው። አልፍሬድ ዳንኤል መጥቶ በአባቱ አጠገብ የወንድሙን ቦታ ያዘ፤ በሐምሌ 1969 በመኖሪያ ቤቱ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከሁለቱ ወንዶች አንድም አልቀረላቸውም።

ሰኔ 30 ቀን 1974፣ እሑድ ጠዋት፣ አልበርታ በኦርጋኑ ላይ «አባታችን ሆይ» የሚለውን እየተጫወቱ ሳለ ከኦሃዮ የመጣ የ23 ዓመት ወጣት ከመቀመጫው ተነሥቶ ተኮሰ። ሞቱ፤ አንድ ዲያቆንም ከእሳቸው ጋር። ገዳዩ ክርስትናን የሚጠላ፣ በመጀመሪያ ያሰበውም መጋቢውን ለመግደል እንደነበር ተናገረ። ለአርባ ዓመት ከባላቸው ስብከት በፊትና በኋላ የተጫወቱበት ኦርጋን መገደያቸው ሆነ።

ወጣቱ ሞት ተፈረደበት። የኪንግ ቤተሰብ ግን የሞት ቅጣትን ይቃወማል፤ ይህም ተቃውሞ በ1995 ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲለወጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ኪንግ ሲኒየር ልጃቸውን የገደለውን ነጭም ሚስታቸውን የገደለውን ጥቁርም እንደማይጠሉ ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ በጥላቻ ወደ ታች የሚጎትተኝ ሰው አይኖርም የሚል ነበር ነገራቸው። ይህ ከማንም አፍ ቢወጣ የተለመደ የሰባኪ ቃል ይመስላል። ከእሳቸው ሲወጣ ግን፣ በልጅነታቸው አባታቸውን ታግለው የጣሉ፣ ልጆቻቸውን በአለንጋ ያሳደጉ፣ ሲቆጡ ቤት የሚንቀጠቀጥላቸው ሰው መሆናቸው ሲታሰብ፣ የሚመዝን ነገር ነው። የተፈጥሮ ገርነት አልነበረም።

በ1975 ኪንግ ከአትሮንሱ ወረዱ። ጉባኤው ከ1894 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ሰው ጠራ፤ ጆሴፍ ሮበርትስ የተባሉት አዲሱ መጋቢ የመጡት ከፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። አረጋዊው በጡረታ ዝም አላሉም። በ1976 የጆርጂያው የኦቾሎኒ ገበሬ ጂሚ ካርተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ስለ ነጮችና ጥቁሮች ሰፈር የተናገረው አንድ ቃል አገር ባስቆጣበት ሰዓት በአደባባይ አቅፈው ደገፉት፤ በዚያው በጋ በኒው ዮርክ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ መዝጊያ ላይ ጸሎት አደረጉ። በ1980 የሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ወጣ። በዚያው ዓመት የአቤኔዘርና የኦበርን ጎዳናው ቤት አካባቢ በአሜሪካ መንግሥት በብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራነት ተከለለ።

ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲኒየር ኅዳር 11 ቀን 1984 በልብ ድካም በአትላንታ አርፈው በሳውዝ ቪው መቃብር ከአልበርታ ጎን ተቀበሩ። መቃብሩን የመሠረቱት የአትላንታ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ዓመቱም አቤኔዘር የተመሠረተበት 1886 ነው። ማርቲን ጁኒየርም መጀመሪያ የተቀበረው እዚያ ነበር፤ ኋላ አስከሬኑ ወደ ኦበርን ጎዳና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተዛወረ። ጉባኤው በ1999 ከመንገዱ ማዶ ወደተሠራው ሰፊ ሕንፃ ገባ፤ አሮጌው የጡብ ሕንፃ ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። ከ2005 ጀምሮ የአቤኔዘር መጋቢ የሆኑት ራፋኤል ዋርኖክ በ2021 ጆርጂያን ወክለው የአሜሪካ ሴኔት አባል ሆኑ፤ እሑድ እሑድም መስበካቸውን አልተዉም።